ዓይናችሁ ደህና እያየ ሳለ አስመርምሩት፦ ስኳር ላለባችሁና ለቤተሰቦቻችሁ

ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም ስኳር ያለበት እናት፣ አባት፣ ባለቤት ካላችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሬቲና (የዓይን ጀርባ ስስ ሽፋን) ሕክምና ክፍል የምሠራ የዓይን ነርስ ነኝ። ጠብታ የማደርገው፣ ታካሚውን ለሌዘር የማዘጋጀው፣ በመርፌ ሰዓት እጅ የምይዘው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጨርሶ ሲወጣ «ሲስተር፣ አሁን ምንድነው ያሉኝ?» ተብዬ የምጠየቀውም እኔው ነኝ። እዚህ የምነግራችሁ ለእነሱ የምመልሰውን ነው።

ብዙ ሰው ዓይን የሚመረመረው ማየት ሲያስቸግር ይመስለዋል። በስኳር የሚጎዳ ሬቲና ግን ለዓመታት አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። እይታም አይቀንስም። ማየት ያስቸገረ ዕለት ጉዳቱ ሩቅ ሄዷል። ስለዚህ «ደህና አያለሁ» የሚለው ሰው ነው ቶሎ መምጣት ያለበት፤ ብዙ መርዳት የምንችለው እሱን ነውና።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ልጃቸው አምጥታቸው ነበር። የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር አነበቡት። «ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትሉኝ?» አሉን። ጠብታ አድርገን ብሌናቸው ሲሰፋ፣ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ከዓይን ነርቩ አጠገብ አዲስ የበቀሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ተገኙ። ሐኪሟ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍታ «ጋሼ፣ ይኸውልዎት» አለቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ቀረብ ብለው አዩት። «ይኼ ሁሉ እያለ ነው ጋዜጣ የማነበው?» አሉ። አዎ። በዚያው ሳምንት ሌዘር ጀመሩ፤ ጋዜጣቸውንም ዛሬ ድረስ ያነባሉ።

ዓይን ውስጥ ምን ይሆናል?

ሬቲና የዓይንን የውስጥ ጀርባ የሸፈነ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። መሃሉ ላይ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። የምናነበው፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባው፣ የሰው ፊት የምንለየው በእሷ ነው።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የሬቲና ቀጫጭን የደም ስሮች ግድግዳ ይደክማል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ያብጣል፤ ሐኪሙ በምርመራ ሲያየው ጥቃቅን ቀይ ነጥብ ይመስላል። ቀጥሎ እንዳረጀ ቧንቧ ማፍሰስ ይጀምራል። ደም፣ ውሃና ቅባት ወደ ሬቲናው ይወጣል። ቅባቱ ቢጫ ሆኖ ይረጋል። ውሃው ማኩላ ላይ ከተጠራቀመ ማኩላ ያብጣል። ያኔ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለው የበር ጠርዝ የተጣመመ ይመስላል።

ሁለተኛው ጣጣ የስሮቹ መዘጋት ነው። ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ኦክስጅን ይጎድለዋል። ሲጎድለው ቪኢጂኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ የዚህ ንጥረ ነገር ሥራ አዲስ የደም ስር ማብቀል ነው። አዲስ ስር መብቀሉ ጥሩ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። እነዚህ ስሮች ደካማ ናቸው። ድንገት ይደሙና ዓይኑ ውስጥ ደም ይሞላል። ጠባሳም ይሠራሉ፤ ጠባሳው ሬቲናውን እየጎተተ ከቦታው ያላቅቀዋል። አንዳንዴም ወደ ፊተኛው የዓይን ክፍል በቅለው የዓይን ግፊት ያስነሳሉ። እሱ በጣም የሚያም፣ ለማከምም የሚያስቸግር ግላኮማ ነው።

ይህን መነጽር አያስተካክለውም። መነጽር ብርሃንን ሬቲናው ላይ ያሳርፋል እንጂ የሚያፈስ ስር አይደፍንም። ሌላም ነገር ልጨምር፦ ስኳራችሁ ከፍና ዝቅ እያለ ባለበት ሰሞን መነጽር አታሠሩ። ስኳር ሲለዋወጥ የዓይን ሌንስም አብሮ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የተለካው ቁጥር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ላይሆናችሁ ይችላል። ስኳሩ ይረጋጋ፣ ከዚያ ብራችሁን አውጡ።

መቼ ልመርመር?

ዓይነት 2 ስኳር፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በጎልማሳ ዕድሜ የሚመጣው፣ በታወቀበት ሰሞን ነው ዓይን መታየት ያለበት። ምክንያቱም ሳይታወቅ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በላብራቶሪ «ዛሬ ተገኘ» የተባለ ስኳር ሬቲና ላይ የቆየ ምልክት ትቶ እናገኘዋለን። ዓይነት 1፣ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረውና ከመነሻው ኢንሱሊን የሚፈልገው፣ ከጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ ይታያል። ከዚያ በኋላ ለሁለቱም በዓመት አንዴ ብላችሁ ያዙት። ለውጥ ከተገኘ ሐኪሙ ወደ 6 ወር፣ ወደ 3 ወር፣ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ያቀርበዋል።

ስኳር ያለባት ሴት ለማርገዝ ስታስብ፣ ካልሆነም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት መታየት አለባት። እርግዝና የሬቲናውን ጉዳት ሊያፋጥነው ይችላል፤ ስለዚህ እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ ክትትሉ ይቀጥላል። በእርግዝና ምክንያት ብቻ ስኳሯ ከፍ ያለ እናት ግን ለዚህ ብላ መጨነቅ የለባትም።

ብዙ ሰው የማይነገረው አንድ ነገር አለ። ስኳሩ ለዓመታት በጣም ከፍ ብሎ የኖረ ሰው ኢንሱሊን ጀምሮ በአጭር ጊዜ ብዙ ሲወርድለት፣ ሬቲናው መጀመሪያ ላይ ሊባባስ ይችላል። ይህ ስኳራችሁን አታውርዱ ማለት አይደለም። ማውረዱ ውሎ አድሮ ዓይንን ያድናል። ማለት የፈለግኩት ሕክምናው ከመጠንከሩ በፊት ዓይናችሁን አስዩ፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ አስዩ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ኦዜምፒክን የመሰለ የስኳር መርፌ የታዘዘላችሁም፣ ቀድሞ የሬቲና ችግር ካለባችሁ ለሐኪማችሁ አስታውሱት።

የት ልሂድ? ምን ልበል?

መነጽር ቤት ሄዶ ፊደል ማንበብ የሬቲና ምርመራ አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብሌኔን አስፍታችሁ ሬቲናዬን ታዩልኛላችሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ቦታው ትክክል ነው። የሬቲና ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ያላቸውም አሉ፤ እሱም ጥሩ ነው።

ስኳር ክትትል የምታደርጉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍላችኋል። በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈሯን ሳትይዙ አትሂዱ፤ ያለሷ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ የዓይን ሐኪም የሚያሠለጥኑ ትልልቅ ክፍሎች አሏቸው። አንድ ዓይነት ማሽን ወይም መድኃኒት በዚያ ሰሞን መኖሩን ግን ከመንገዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነስቶ መጥቶ «ማሽኑ ተበላሽቷል» መባል ያሳዝናል፤ ሲሆን እያየሁ ነው የምለው።

እንግሊዝ አገር ላላችሁ፣ የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ ኤንኤችኤስ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ስኳር ላለባቸው ሁሉ የሬቲና ፎቶ መጥሪያ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው እንግሊዝኛ ስለሆነ እናቶች መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ልጆች ሆይ፣ መሳቢያውን ክፈቱ።

የምርመራው ቀን

ቁርሳችሁን ብሉ። የስኳርና የግፊት መድኃኒታችሁን እንደወትሮው ውሰዱ። «ምርመራ ስላለብኝ በባዶ ሆዴ መጣሁ» እያሉ ኢንሱሊን ወግተው ወረፋ ላይ የሚያልባቸውና የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ይገጥሙናል። የዓይን ምርመራ ጾም አይፈልግም። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ዳቦና አንድ ከረሜላ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ። ስሙን ከማስታወስ ይቀላል። የቅርብ ጊዜ የስኳር ውጤታችሁን፣ በተለይ የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ኤ ዋን ሲ ካላችሁ ያዙ። የድሮ መነጽራችሁንም አምጡ።

ሰው ይዛችሁ ኑ። መኪና ነድታችሁ አትምጡ። ጠብታው ብሌኑን ለማስፋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ እንደግመዋለን። ትንሽ ያቃጥላል። ከዚያ ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዛል፣ ስልክ ላይ ማንበብ አይቻልም፣ ብርሃን ይበዛባችኋል። ይህ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከክሊኒኩ በር ስትወጡ የቀትሩ ፀሐይ ዓይን አያስከፍትም፤ ጥቁር መነጽር ወይም ሰፊ ኮፍያ ያዙ፣ እናቶች ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ዝቅ ያድርጉ። አስፋልት ስትሻገሩ ክንድ ያዙ። ማታ ዓይናችሁ በጣም ካመመ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ግን «ጠብታው ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ሲገጥም ግን የዓይን ግፊት ነው።

ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው መብራት ዓይናችሁን አብርቶ በሌንስ ወደ ውስጥ ያያል። «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች» ሲባል ዓይናችሁን እንጂ ጭንቅላታችሁን አታዙሩ። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ የዓይን ውስጥ ማያውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1851 ለሕዝብ ካቀረበ ጀምሮ፣ ሐኪሞች አካል ሳይቀደድ የደም ስርን በቀጥታ የሚያዩት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ለዚህም ነው የሬቲና ጉዳት የተገኘበትን ሰው ወዲያው ኩላሊቱንም አስመርምር የምንለው፤ እዚያም ያሉት ስሮች እንዲሁ ቀጫጭን ናቸው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። አንዱ ኦሲቲ ነው፤ አገጭ አስደግፎ አንድ ነጥብ ማየት ብቻ ነው፣ ምንም አይነካችሁም፣ የማኩላውን እብጠት በማይክሮን ይለካል። ሌላው በክንድ የደም ስር ፍሎረሲን የሚባል ቢጫ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ፎቶ ነው። ቀለሙ ሲገባ ለአፍታ ማቅለሽለሽ ሊመጣ ይችላል። ቆዳችሁ ቢጫ ይላል፤ ሽንታችሁም እስከ ማግስቱ ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል። ይህን ሳይነገራቸው የሄዱ ሰዎች «ወፍ በሽታ ያዘኝ» ብለው ደውለዋል። አስም ወይም የመድኃኒት አለርጂ ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም አብሯችሁ የመጣው ሰው ይጻፈው፦ በየትኛው ዓይን ነው? ማኩላው አብጧል? አዲስ ስር በቅሏል? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? ፎቶውንም በስልካችሁ አንሱት። ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ብትታከሙ አዲሱ ሐኪም ከምን ተነስታችሁ የት እንደደረሳችሁ የሚያውቀው በሱ ነው።

ገና ሕክምና የማያስፈልገው ከሆነ

«ጅምር ነው፣ እንከታተለዋለን» ከተባላችሁ ምንም አልተሰጠኝም ብላችሁ አትዘኑ። የዚህ ደረጃ መድኃኒት ስኳርና ግፊቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውን 1,441 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው የያዙት፣ ሬቲናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች፣ ለጉዳቱ የመጋለጥ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ዓይነት 2 ካለባቸው መካከል የደም ግፊታቸውን ጠበቅ አድርገው ያወረዱት የሬቲና መባባሳቸው በ34 በመቶ ማነሱን አሳየ። ግፊቱን ችላ አትበሉት የምለው ለዚህ ነው። ስኳሩን በየጠዋቱ እየለካ ግፊቱን ለወራት ያልተለካ ሰው ብዙ አያለሁ።

ጾም ላይ ጥያቄ ይበዛብኛል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ ከሆነ እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ መቆየት ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል። ሑዳዴ ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኹንም አነጋግሩ። ሁለቱም እምነት ለበሽተኛ መንገድ አለው። መድኃኒቱን በራሳችሁ ማቋረጥ ግን አይሆንም።

አስፕሪን ለልባችሁ የታዘዘላችሁም «ዓይኔ እንዳይደማ» ብላችሁ አታቁሙ። ተጠንቶ፣ የሬቲናውን ደም እንደማያባብስ ታውቋል።

ሌዘር ከታዘዘ

ሌዘሩ የሚተኮሰው ደም ያልደረሰው የሬቲናው ዳር ላይ ነው። ያ ክፍል ቪኢጂኤፍ መልቀቁን ሲቀንስ አዲሶቹ ስሮች ይከስማሉ። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፣ ዓይን ላይ ሌንስ ይቀመጣል፣ ከዚያ ደማቅ ብልጭታ በብልጭታ ላይ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ምንም አይሰማውም፣ አንዳንዱን ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይነዝረዋል። ሲያማችሁ ተናገሩ፤ ኃይሉ ይቀነሳል። ጭንቅላታችሁን ግን ከማሽኑ አታንሱ። ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀጠሮ ተከፋፍሎ ነው የሚያልቀው።

በግልጽ ልንገራችሁ፤ ሌዘር የጠፋ እይታ አይመልስም። የቀረውን ይጠብቃል። ማታ ላይና በጎን በኩል የማየት አቅምን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሳይነገራቸው ሌዘር የተሠራላቸው ሰዎች «ጭራሽ አባሰብኝ» ብለው ሁለተኛውን ቀጠሮ ይተዋሉ። ያልተጨረሰ ሌዘር ሥራውን አይሠራም። አዲስ ስር በርክቶባቸው ሌዘሩን የጨረሱ ሰዎች ከባድ የዓይን መጥፋት የሚደርስባቸው ካልታከሙት ቢያንስ በግማሽ ባነሰ መጠን ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የአሜሪካ ጥናት ጀምሮ የታወቀ ነው።

መርፌ ከታዘዘ

«ዓይኔን በመርፌ?» የሚለውን ድንጋጤ በየቀኑ እሰማለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ።

የዚያን ቀን ኩል አትኳሉ፣ ፊታችሁን ቅባት አትቀቡ። ክፍሉ ገብታችሁ በጀርባችሁ ትተኛላችሁ። ማደንዘዣ ጠብታ ደጋግሜ አደርጋለሁ። የዓይናችሁን ቆብና ዙሪያውን ቡናማ በሆነ አዮዲን አጸዳለሁ፤ ዓይን ውስጥም ይገባል። ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ያቆጠቁጣል፣ ግን ከኢንፌክሽን የሚያድናችሁ ዋናው ነገር ነውና ታገሡት። ፊታችሁ ላይ ጨርቅ ይደረጋል። ዓይናችሁ እንዳይከደን የሚይዝ ትንሽ ሽቦ ይገባል። «አይጨፈንብኝም?» ብላችሁ አትስጉ፣ ሽቦው ይይዘዋል።

ሐኪሙ ወደ አንድ አቅጣጫ እዩ ይላችኋል። መርፌው የሚገባው በነጩ ክፍል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። በጣም ቀጭን ነው። ሲመጣ አታዩትም። ጫን የማለት ስሜት ይመጣል፣ በሰከንዶች ያልቃል። በዚያች ሰዓት አታውሩ፣ አታስሉ። ማሳል ከፈለጋችሁ እጄን ጨምቁት፣ እናቆማለን። ከዚያ ጣቴን አሳይቼ «ስንት ነው?» እላለሁ። ስትቆጥሩልኝ ነው ደስ የሚለኝ።

መድኃኒቱ ቪኢጂኤፉን የሚያግድ ነው። አቫስቲን፣ ሉሴንቲስ፣ አይሊያ የሚባሉት ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። አቫስቲን መጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለዓይን በሚበቃ ጥቂት ጥቂት መጠን ስለሚከፋፈል ዋጋው ይቀላል። «የካንሰር መድኃኒት ሰጡኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ በመላው ዓለም ለዓይን ይሰጣል። ባለፉት ወራት ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አጋጥሟችሁ ከነበረ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ከመርፌው በፊት ተናገሩ።

ቤት ስትገቡ ነጩ ላይ ደም የቋጠረ ቀይ ቦታ ልታዩ ትችላላችሁ። ያስፈራል፤ ጉዳት የለውም፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ጥቁር ክብ ኳስ የሚመስል ነገር ዓይናችሁ ውስጥ ቢንሳፈፍ አየር ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሟሽሻል። በዚያ ዕለት የሚቆጠቁጠው ከአዮዲኑ ነው። ዓይናችሁን አትሹት። ለጥቂት ቀናት የቧንቧ ውሃ ዓይን ውስጥ አታስገቡ። ፀበል የምትጠመቁ ከሆነ ፊታችሁ ላይ እንዳይረጭ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መጠጣቱ ችግር የለውም። ውዱእ የምታደርጉም የዓይኑን አካባቢ እንዴት እንደምትጠነቀቁ እኛን ጠይቁን።

አሁን የምነግራችሁን ግን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ዓይኑ እየቀላ ከመጣ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃታችሁ፣ እይታው ከቀነሰ፣ በዚያው ቀን ኑ። ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ ተረኛ ሐኪም አለ። ይህ ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ የሚገጥመው ከብዙ ሺህ መርፌ በጥቂቱ ነው፤ ከገጠመ ግን በሰዓታት ውስጥ መታከም አለበት።

መርፌው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። መጀመሪያ በየወሩ ነው፤ ከዚያ እንደ ማኩላው ሁኔታ እየተራራቀ ይሄዳል። ወጪው ስለሚደጋገም ከመጀመር በፊት ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። «ስንት ጊዜ ሊሆን ይችላል? በምን ያህል ዋጋ? ካልቻልኩ ሌላ ምን አማራጭ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። መጠየቅ አፍሮ በሁለተኛው መርፌ የሚቀረውን ሰው ነው መርዳት የሚያቅተን።

ኦፕሬሽን ደርሶ ከሆነ

ደሙ ዓይን ውስጥ አልጠራ ካለ ወይም ሬቲናው ከተላቀቀ ኦፕሬሽን ይደረጋል። መጨረሻ ላይ ዓይኑ በዘይት ወይም በጋዝ ሊሞላ ይችላል። ጋዝ ከተሞላ ሐኪሙ «በፊትህ ተደፋ» ካለ ለቀናት እንደዚያው ተደፍቶ መቆየት ግድ ነው። ጋዙ እስኪያልቅ አውሮፕላን መሳፈር ፈጽሞ ክልክል ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በመኪና መውጣትም እንዲሁ፤ ከፍታ ሲጨምር ጋዙ ይነፋና የዓይኑን ግፊት ያወጣዋል። አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ወሎ የሚመለስ ሰው ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ «ቤቴ የት ነው፣ በየት በኩል ነው የምሄደው» የሚለውን ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ እሱም ካልጠየቃችሁ እናንተ አንሱት። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ ጋዙ እስኪጠፋ እዚያ መሰንበት ይሻላል።

ቤት ውስጥ

ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ገጽ ቅደዱ። መሃሉ ላይ ወፍራም ነጥብ አድርጉ። በሳምንት አንዴ የማንበቢያ መነጽራችሁን አድርጋችሁ፣ አንዱን ዓይን በእጃችሁ ሸፍናችሁ፣ በማንበቢያ ርቀት ነጥቡን እዩ። ከዚያ ሌላውን ዓይን። መስመሩ ከተጣመመ፣ አንዱ ካሬ ከጠፋ ወይም ከጨለመ ደውሉ። አንዱን መሸፈን ያስፈለገበት ምክንያት አለ፤ ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ ደህናው ዓይን የታመመውን ጉድለት ይሸፍነዋል። አንዱ ዓይናቸው ለወራት እንደማያይ ያላወቁ ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ይህ ወረቀት የሬቲና ምርመራን አይተካም፤ በቀጠሮዎቹ መካከል የሚጠብቃችሁ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ድንገት ብዙ ጥቁር ነጥብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ፣ ብልጭ ብልጭ ሲል፣ ከጎን መጋረጃ እንደተጋረደ ሲጨልም፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ደም ከሆነ እስክትታዩ ድረስ ትራስ ደራርባችሁ ከፍ ብላችሁ ተኙ፣ ከባድ ነገር አታንሱ።

አንድ ዓይን ያለ ምንም ሕመም በቅጽበት ድርግም ካለ ደግሞ ማንንም አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። የሬቲናው ዋና የደም ስር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ እንደ ስትሮክ የሚታይ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ስኳር ባይኖርበትም ሊያገኘው ይችላል። ተመልሶ ቢበራ እንኳ ሂዱ፤ ለአፍታ ጠፍቶ የተመለሰ ዓይን ሊመጣ ያለ ስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከስኳር ውጭ አንድ ልጨምርና ላብቃ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በተለይ ከ1,500 ግራም በታች የሆነና ማሞቂያ ክፍል ኦክስጅን ላይ የቆየ ሕፃን፣ የሬቲናው ስሮች በወጉ ሳያድጉ ሊዛቡ ይችላሉ። ከተወለደ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ዓይኑ መታየት አለበት። ከማሞቂያ ክፍል ስትወጡ «የዓይን ቀጠሮው የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጠሮ ያለፈባችሁ፣ ወር ይሁን ዓመት፣ ኑ። ካርዳችሁ ቢጠፋም ኑ፣ ስማችሁን እንፈልጋለን። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ጠብታው ሲሠራ የምትቀመጡበት ወንበር አይጠፋም።